ኪቶንዎን በቤትዎ ይለኩ፦ ከስትሪፕ አያያዝ እስከ ሆስፒታል ጉዞ

ስኳር ካለባቸው ሰዎች ዘንድ ሦስት ስሕተቶች ሳያቋርጡ ይደጋገማሉ። አንደኛው የስኳሩን ቁጥር ብቻ አይቶ ኪቶኑን መተው ነው። ሁለተኛው የሽንት ስትሪፑን (ኪቶንን በቀለም የሚያሳየውን ቀጭን መለኪያ) ነክሮ ሌላ ሥራ ሲሠሩ ቆይቶ ማንበብ ነው። ሦስተኛውና ሕይወት የሚቀጥፈው «ምግብ አልበላሁም፣ እያስመለሰኝ ነው» ብሎ ኢንሱሊን ማቆም ነው። ከዚህ በታች ያለውን ጤነኛ በሆኑበት ቀን ያንብቡት፤ በሚታመሙበት ሌሊት ለማንበብ ጊዜም አቅምም አይኖርም።

ስለ ኪቶን ማወቅ ያለብዎት ጥቂት ነው። ሰውነት በቂ ኢንሱሊን ሲያጣ ስኳሩን መጠቀም ስለማይችል ስብ ማቃጠል ይጀምራል። ጉበት ከስቡ ኪቶን የተባለ ንጥረ ነገር ይሠራል፤ ይህም ሲበዛ ደሙን አሲዳማ ያደርገዋል። ሐኪሞች ኪቶአሲዶሲስ ወይም በአጭሩ ዲኬኤ የሚሉት ይህንን ነው። በሰዓታት ውስጥ ሊደርስ ይችላል። ትኩሳትና ኢንፌክሽን የኢንሱሊን ፍላጎትን ስለሚጨምሩ፣ ምንም ያልበላ በሽተኛ ከጤነኛ ቀኑ የበለጠ ኢንሱሊን ሊያስፈልገው ይችላል። ስለዚህ «ካልበላሁ አልወጋም» የሚለው ስሌት ከመነሻው የተሳሳተ ነው።

## ሳይለኩ የሚኬድባቸው ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ስትሪፕ አይፈልጉ፤ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

- ጥልቅና ፈጣን፣ ሩጫ ላይ ያለ ሰው የሚመስል ትንፋሽ
- መደናገር፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ ሲጠሩ ቶሎ አለመመለስ
- ውኃ እንኳ ሆድ ውስጥ እስከማይቆይ ድረስ ማስመለስ
- ከባድ የሆድ ሕመም ከማስመለስ ጋር
- ከፍተኛ ጥም እያለ ሽንት ማቆም

እንደበሰለ ፍራፍሬ ወይም እንደ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸት ትንፋሽም የኪቶን ምልክት ነው። ሆኖም ይህን ሽታ ማሽተት የማይችሉ ብዙ ሰዎች ስላሉ «አይሸትም» ተብሎ አይዘናጉ።

## ደረጃ 1፦ መቼ እንደሚለኩ ይወስኑ

ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ካለብዎት በሚከተሉት ጊዜያት ይለኩ፦

1. ስኳርዎ ከ250 ሚሊግራም በዴሲሊትር በላይ ሆኖ በሁለት ተከታታይ ልኬት አልወርድ ሲል።
2. ትኩሳት፣ ተቅማጥ፣ ጉንፋን፣ የሳንባ ምች፣ ወባ ወይም ማንኛውም ኢንፌክሽን ሲይዝዎት። ስኳሩ ደኅና ቢመስልም ይለኩ።
3. ባስመለሰዎት ቁጥር።
4. ኢንሱሊን ከዘለሉ፣ ካለቀብዎት ወይም ሙቀት ላይ ቆይቶ ተበላሽቶ ይሆናል ብለው ከጠረጠሩ።

ነፍሰ ጡር ከሆኑ ገደቡ ዝቅ ይላል። በእርግዝና ጊዜ ኪቶአሲዶሲስ ስኳሩ ብዙ ሳይጨምር ሊመጣ ስለሚችል፣ የሚለኩበትን ቁጥር ከሐኪምዎ ጋር አስቀድመው ይወስኑ።

ዓይነት 2 ያለባቸው «ይህ እኛን አይመለከትም» ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው፤ በከባድ ሕመም ወቅት ግን እነርሱም ላይ ይደርሳል። በተለይ ስማቸው «ግሊፍሎዚን» ብሎ የሚያልቅ እንክብሎችን (ዳፓግሊፍሎዚን፣ ኢምፓግሊፍሎዚን፣ ካናግሊፍሎዚን) የሚወስዱ ሰዎች ይጠንቀቁ። እነዚህ መድኃኒቶች ስኳርን በሽንት ስለሚያስወጡ፣ የስኳር መለኪያው 160 ወይም 180 እያሳየ ደሙ በኪቶን ሊሞላ ይችላል። እንዲህ ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካስመለሰው ወይም ከባድ ድካም ከተሰማው የስኳሩን ቁጥር አይመን፤ ኪቶኑን ይለካ።

## ደረጃ 2፦ ዕቃውን ጤነኛ ሆነው ያዘጋጁ

የትኛውን ስትሪፕ? በአገራችን ፋርማሲዎች በቀላሉ የሚገኘው የሽንት ስትሪፕ ነው። አንዳንዱ ኪቶንን ብቻ ይለካል፤ ብዙው ግን አሥር ያህል ካሬዎች ያሉት የላቦራቶሪ ስትሪፕ ነው። ሁለቱም ይሠራሉ። ባለ ብዙ ካሬውን ከገዙ፣ በጠርሙሱ ሰንጠረዥ ላይ በላቲን ፊደል ኬ፣ ኢ፣ ቲ ተብሎ የተጻፈውን ረድፍ ፈልገው በእስክሪብቶ ያክብቡት። በጭንቀት ሰዓት የስኳሩን ካሬ የኪቶን አድርጎ ማንበብ በጣም ቀላል ነው።

በደም የሚለካው የተሻለ ነው፤ ግን ለኪቶን የተሠራ መለኪያና የራሱ ስትሪፕ ይፈልጋል። ተራው የስኳር ስትሪፕ ኪቶን አይለካም። ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ካለዎት «ምን ልላክልህ?» ሲል የሚጠየቀው ይህ ነው። መለኪያውን ብቻ ሳይሆን ስትሪፑንም፣ ደግሞም ከዚያው መለኪያ ጋር የሚሠራውን ይላክልዎ። ያለ ስትሪፕ የተላከ መለኪያ መሳቢያ ውስጥ ቀሪ ነው።

አያያዝ። የሽንት ስትሪፕ ትልቁ ጠላት እርጥበት ነው።

- ፍሪጅ ውስጥ አያስቀምጡ። ኢንሱሊን የሚቀዘቅዝበት እርጥብ የሸክላ ማሰሮ ውስጥም አያስቀምጡ። ለኢንሱሊኑ የሚጠቅመው ስትሪፑን ይገድለዋል።
- መታጠቢያ ቤትና ምድጃ አጠገብ አያኑሩ። ከ30 ዲግሪ በታች የሆነ ደረቅና ጨለማ ቦታ ይምረጡ።
- ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን እርጥበት መጣጭ አይጣሉ። ክዳኑን ወዲያው ይግጠሙ።
- የከፈቱበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ ይጻፉ። ብዙዎቹ ከተከፈቱ ከጥቂት ወራት በኋላ አስተማማኝ አይሆኑም፤ የርስዎ ስትሪፕ ገደብ ጠርሙሱ ላይ ወይም በውስጡ ባለው ወረቀት ላይ ተጽፏል።
- በወረቀት ተጠቅልሎ በፍሬ የሚሸጥ ስትሪፕ አይግዙ። አየር ላይ የዋለ ስትሪፕ ኪቶን እያለ «የለም» ሊል ይችላል፤ ከዚህ የከፋ ስሕተት የለም። ለመቆጠብ ብለው በመቀስ ለሁለት መሰንጠቅም አይመከርም።

የሐኪም ትእዛዝ በጽሑፍ። ከስትሪፑ ይልቅ የሚረሳው ይህ ነው። ቀጣዩ ቀጠሮዎ ላይ ሐኪሙን እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ «ኪቶን ሲወጣ ተጨማሪ ስንት ዩኒት፣ የትኛውን ኢንሱሊን፣ በስንት ሰዓት ልዩነት ልውጋ?» ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ የቀኑን ጠቅላላ መጠን ከ10 እስከ 20 በመቶ በፈጣኑ ኢንሱሊን እንዲጨመር ያዛሉ። ይህ አጠቃላይ ልምድ ስለሆነ ለራስዎ ቁጥር አድርገው አይውሰዱት፤ የርስዎ ቁጥር ክብደትዎን፣ ኩላሊትዎንና የኢንሱሊን ዓይነትዎን አይቶ የሚወሰን ነው። 70/30 የተደባለቀ ኢንሱሊን የሚወጉ ሰዎች ይህን መጠየቅ አይለፉት፤ በእርሱ ላይ ማስተካከያ ማድረግ ከሌሎቹ ይከብዳል። መልሱን በወረቀት አጽፈው ከስትሪፑ ጠርሙስ ጋር ይሰሩት።

## ደረጃ 3፦ በሽንት መለካት

1. እጅዎን ታጥበው በደንብ ያድርቁ።
2. የማብቂያ ቀኑንና የከፈቱበትን ቀን ይዩ።
3. ስትሪፕ አውጥተው ከመንከርዎ በፊት የኪቶኑን ካሬ በሰንጠረዡ ላይ «የለም» ከሚለው ቀለም ጋር ያስተያዩ። ደረቅ እያለ ከጠቆረ ይጣሉት፤ ሌሎቹንም ይጠራጠሩ።
4. በንጹሕና ደረቅ ኩባያ ትኩስ ሽንት ይያዙ። ሳሙና ወይም በረኪና የነካው ዕቃ አይሆንም።
5. ካሬዎቹ በሙሉ እንዲርሱ ነክረው ወዲያው ያውጡ። ሽንቱ ውስጥ አያቆዩት፤ ኬሚካሉ ይታጠባል።
6. ጠርዙን በኩባያው አፍ ላይ አንሸራትተው ትርፉን ያራግፉ። ስትሪፑን አግድም ይያዙ፤ ቀጥ አድርገው ካቆሙት የአንዱ ካሬ ቀለም ወደ ሌላው ይፈሳል።
7. ሰዓት ይያዙ። ለኪቶን ብቻ የተሠሩ አንዳንድ ስትሪፖች በ15 ሰከንድ ይነበባሉ፤ ባለ ብዙ ካሬዎቹ ላይ ኪቶን አብዛኛውን ጊዜ በ40 ሰከንድ ነው። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ይከተሉ። የስልክ ሰዓት ቆጣሪን ከመንከርዎ በፊት ያዘጋጁ፤ በግምት መቁጠር አያዋጣም።
8. ሰከንዱ እንደሞላ ያንብቡ፤ ካሬው ከገረጣ ቀለም ወደ ሮዝ፣ ከዚያ ወደ ወይን ጠጅ በጠቆረ ቁጥር ኪቶኑ ብዙ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን የቀለም ለውጥ አይቁጠሩት።
9. ሰዓቱን፣ ስኳሩን፣ ኪቶኑንና የወሰዱትን ኢንሱሊን በደብተር ይጻፉ።

ብርሃን። ቀለሙን በቀን ብርሃን ወይም በነጭ አምፖል ያንብቡ። መብራት ከጠፋ የስልክዎን ባትሪ ያብሩ። ሻማና ቢጫ አምፖል ሮዙን ከገረጣው ለመለየት አያስችሉም። ቀለም መለየት የሚቸግርዎ ከሆነ ሌላ ሰው ያንብብልዎ።

ሕፃናት። ዳይፐር ለሚያደርግ ልጅ ንጹሕ ጥጥ ዳይፐሩ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ሲርስ ስትሪፑ ላይ ይጭመቁት።

ሌሊት የተጠራቀመ ሽንት። ሽንት የሚናገረው ስላለፉት ሰዓታት ነው። የጠዋቱ ሽንት ኪቶን ካሳየና ደኅና ከሆኑ ውኃ ጠጥተው ከግማሽ ሰዓት በኋላ በአዲስ ሽንት ይድገሙ። እያስመለሰዎት ከሆነ ግን ድጋሚውን ሳይጠብቁ ወደ ደረጃ 6 ይሂዱ።

## ደረጃ 4፦ በደም መለካት

1. እጅዎን በሳሙና ታጥበው ያድርቁ።
2. የኪቶን ስትሪፑን ማሸጊያ ቀደው ወዲያው መለኪያው ውስጥ ያስገቡ። መስታወቱ ላይ የኪቶን ምልክት መምጣቱን ያረጋግጡ።
3. የጣትዎን ጎን ወግተው ከስኳር ልኬት ትንሽ ከፍ ያለ ጠብታ ያውጡ። አብዛኞቹ «ስሕተት» የሚሉ መልሶች ከትንሽ ጠብታ የሚመጡ ናቸው።
4. ጠብታውን ያስነኩ፤ ውጤቱ በሰከንዶች ውስጥ ይመጣል። ከቁጥር ይልቅ ከአቅሙ በላይ መሆኑን ከጻፈ እንደ አደጋ ይቁጠሩት።

## ደረጃ 5፦ ውጤቱን ያንብቡ

በደም (ሚሊሞል በሊትር)

- ከ0.6 በታች፦ ደኅና
- ከ0.6 እስከ 1.5፦ ማስጠንቀቂያ
- ከ1.5 እስከ 3.0፦ አስጊ (ለኪቶአሲዶሲስ ቅርብ)
- ከ3.0 በላይ፦ ድንገተኛ

በሽንት (ሚሊግራም በዴሲሊትር)

- የለም ወይም 5 (ፍንጭ)፦ ደኅና
- 15 (ጥቂት)፦ ማስጠንቀቂያ
- 40 (መካከለኛ)፦ አስጊ
- 80 እና ከዚያ በላይ (ብዙ)፦ ድንገተኛ

በሽንት ስትሪፕ ሰንጠረዥ ላይ ያሉት የመደመር (+) ምልክቶች ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያሉ፤ አንዱ ጋ ሁለት መደመር የሆነው ሌላው ጋ ሦስት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመደመሩ ይልቅ አጠገቡ ያለውን ቁጥር ይጻፉ።

አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንድ የሽንት ስትሪፖች ሰንጠረዥ ላይ 1.5፣ 4 ወይም 8 ሚሊሞል የሚል ቁጥር ይታያል። ይህ የሽንት ቁጥር ነው፤ ከላይ ካለው የደም ዝርዝር ጋር አያነጻጽሩት። ሁለቱ ልኬቶች የተለያየ የኪቶን ዓይነት ይይዛሉ፤ ደሙ ቤታ ሃይድሮክሲቡቲሬትን፣ ሽንቱ አሴቶአሴቴትን። በከባድ ኪቶአሲዶሲስ ጊዜ በብዛት የሚከማቸው የመጀመሪያው ስለሆነ የሽንት ስትሪፕ ችግሩን አሳንሶ ሊያሳይ ይችላል። ሰውየው በጣም ታሞ ስትሪፑ «ጥቂት» ካለ፣ የሚታመነው ሰውየው ነው።

## ደረጃ 6፦ ቀጥሎ የሚደረገው

በማንኛውም ውጤት፦ ረጅም ጊዜ የሚሠራውን ኢንሱሊን (ኤንፒኤች፣ ግላርጂን) አያቁሙ። መጠኑ ሊስተካከል ይችላል፤ መቋረጥ ግን የለበትም። ጠበል ለመጠመቅ ወይም የባህል ሕክምና ለመሞከር የሚሄዱም ቢሆን ኢንሱሊኑን ይዘው ይሂዱ፤ መርፌውን ትተው የሄዱ ሰዎች ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚመጡት በዚሁ በኪቶን ነው።

ደኅና («የለም» ወይም ፍንጭ) ከሆነ፦ ውኃ ይጠጡ፤ ሕመሙ እስኪያልፍ ስኳሩንና ኪቶኑን በየ4 ሰዓቱ ይለኩ።

ማስጠንቀቂያ ከሆነ፦

1. በጽሑፍ የታዘዘልዎትን ተጨማሪ ፈጣን ኢንሱሊን ይውጉ።
2. በሰዓት አንድ ብርጭቆ ያህል ፈሳሽ ይጠጡ። ከደረሰዎት ማቅለሽለሽ የተነሣ ብርጭቆ ካልሄደልዎ በየ5 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት ይጎንጩ። የልብ ወይም የኩላሊት ድካም ያለበት ሰው መጠኑን ሐኪም ይጠይቅ።
3. ስኳርዎ ከ200 በላይ ከሆነ ውኃ፣ ያለ ስኳር ሻይ ወይም የአጥንት ሾርባ ይምረጡ። ከ200 በታች ከወረደና ኪቶኑ ካለ ግን ስኳር ያለው ሻይ፣ ቀጭን አጥሚት ወይም ኦአርኤስ ይውሰዱ። ይህ ብዙዎችን ግራ ያጋባል። ኪቶኑን የሚያጠፋው ኢንሱሊን ነው፤ ኢንሱሊኑን ስኳር ሳይወድቅ መውጋት የሚችሉት ደግሞ ስኳር ያለው ነገር ሲጠጡ ነው።
4. ይረፉ። «ስኳሩን ላውርድ» ብሎ ረጅም መንገድ መሄድ ኪቶን ባለበት ሰዓት ነገሩን ያባብሳል።
5. ከ2 ሰዓት በኋላ ሁለቱንም ይለኩ።

አስጊ ከሆነ፦ ከላይ ያለውን እየፈጸሙ አሁኑኑ ሐኪምዎን ይደውሉ። የሚያነሳ ካጡ ወይም እያስመለሰዎት ከሆነ ጉዞ ይጀምሩ። ሆስፒታሉ ሩቅ ከሆነ፣ ልጅ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነ ሁለተኛውን ልኬት አይጠብቁ።

ድንገተኛ ከሆነ፦ ይሂዱ። ቤት ውስጥ በሚወጋ ኢንሱሊን ብቻ አይታከምም፤ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽና የፖታሲየም ክትትል ያስፈልገዋል። ብቻዎን አይንዱ። በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ አሜሪካ 911፣ አውሮፓ 112፣ እስራኤል 101፣ ሳዑዲ ዐረቢያ 997፣ ዱባይና ሌሎቹ ኤምሬቶች 998።

## ኢንሱሊን ወግተው ኪቶኑ ካልወረደ

በደም ሲለኩ ቁጥሩ በ2 ሰዓት ውስጥ መቀነስ መጀመር አለበት። ካልቀነሰ፦

- ኢንሱሊኑን ይመርምሩ። ፈጣኑ (ሬጉላር) እንደ ውኃ ጥርት ያለ መሆን አለበት፤ ኤንፒኤች ሲያገላብጡት እኩል ይደፈርሳል፣ የረጋ ጓል አይኖረውም። ሙቀት ላይ የዋለ፣ በረዶ የነካው ወይም ከተከፈተ ከ28 ቀን ያለፈው ብልቃጥ ከሆነ አዲስ ይክፈቱ።
- ሁልጊዜ የሚወጉበት ቦታ ካበጠ ወይም ከጠነከረ ሌላ ቦታ ይውጉ።
- ሰዓቱ ሳይደርስ በላይ በላይ አይውጉ። ሬጉላር ኢንሱሊን ኃይሉ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ውስጥ ይበረታል፣ እስከ 8 ሰዓት ይቆያል፤ ከተደራረበ ከብዙ ሰዓት በኋላ ስኳሩ በድንገት ይወድቃል።

በሽንት ሲለኩ ደግሞ ተቃራኒው ሊያስደነግጥዎ ይችላል። እየተሻለዎት፣ ማስመለሱ ቆሞ፣ ስኳሩ ወርዶ ስትሪፑ ገና ወይን ጠጅ ሊሆን ይችላል፤ ቀሪው ኪቶን በሽንት ለመውጣት ጊዜ ይፈልጋል። ይህ ብቻውን ተጨማሪ ኢንሱሊን የሚያስወጋ ምክንያት አይደለም።

ካፕቶፕሪል የተባለው የደም ግፊት መድኃኒትና ሌቮዶፓ የተባለው የፓርኪንሰን ሕመም መድኃኒት ኪቶን ሳይኖር ስትሪፑን ሮዝ ሊያደርጉት ይችላሉ። ብዙ ቪታሚን ሲ ደግሞ ኪቶኑን ሊደብቅ ይችላል። የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ።

## በጾም ወቅት

እስከ ዘጠኝ ሰዓት በቆየ ሰው ሽንት ውስጥ ጥቂት ኪቶን መታየቱ የተለመደ ነው፤ በረመዳን ቀንም እንዲሁ። ከበሽታው የሚለዩት በስኳሩ ነው። ስኳሩ ከ70 እስከ 180 ሆኖ፣ ሰውየው ደኅና ሆኖ፣ ሲበላ ኪቶኑ ከጠፋ የረኀብ ኪቶን ነው። ስኳሩ ከፍ ብሎ ኪቶን ከወጣ፣ ጾሙን ፈትተው ደረጃ 6ን ይከተሉ። ግሊፍሎዚን የሚወስዱ ሰዎች ግን ይህ መለያ አይሠራላቸውም፤ ጾሙ ከመግባቱ በፊት መድኃኒቱን ስለማቆም ሐኪም ያነጋግሩ። በማስመለስና በተቅማጥ ሕመም ጊዜም ይህን እንክብል ያቁሙና ወዲያው ሐኪም ይጠይቁ።

## ሆስፒታል ሲደርሱ

ማስመለስና የሆድ ሕመም ይዞ የመጣ ሰው በቀላሉ የጨጓራ፣ የታይፎይድ ወይም የወባ ታካሚ ተደርጎ ሊታይ ይችላል። በር ላይ የሚናገሩትን አስቀድመው ይወቁ፦ «የስኳር ታካሚ ነኝ፤ ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ያስመልሰኛል፤ ስኳሬ ይህን ያህል፣ ኪቶኔ ይህን ያህል ነው፤ የመጨረሻውን ኢንሱሊን በዚህ ሰዓት ወግቻለሁ።» ግሊፍሎዚን የሚወስዱ ከሆነ ስሙን ይጥሩ፤ «ስኳርዎ ደኅና ነው» ብለው ቢመልሱዎት ኪቶን እንዲለካ ይጠይቁ።

ደብተሩን፣ የኢንሱሊን ብልቃጡንና የሚውጧቸውን መድኃኒቶች ይዘው ይሂዱ። ራስዎ መናገር ካልቻሉ የሚናገርልዎት ሰው እነዚህን ዐረፍተ ነገሮች የት እንደጻፏቸው ይወቅ። ስኳር እንዳለበት የማያውቅ ልጅ ብዙ እየጠጣ፣ ብዙ እየሸና፣ እየከሳ ሄዶ ማስመለስ ከጀመረም፣ ሌላ ምርመራ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ስኳሩና ኪቶኑ እንዲታይ ያድርጉ።